ቱርቦ ለሚያስገጥሙ የዕለት መኪና ባለቤቶች ማሳሰቢያ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን መኪና አሳድሶና ጉልበት ጨምሮ መያዝ የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል። ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር “ቱርቦ ላስገጥምበት ነው” የሚል ሰው አላጣም። ሐሳቡን አልቃወምም። የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 76 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፋብሪካው 110 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው ብሎ ያወጣው 1.5 ሊትር የቪትዝ ሞተር እዚህ ከ84 ብዙም አያልፍም። የእንጦጦን አቀበት ሲወጣ የሚያቃስተው አየር አጥሮት ነው። ቱርቦ ደግሞ አየር ነው የሚሰጠው።

ነገር ግን ቱርቦ አየር ብቻ አይሰጥም፤ ሙቀትም ይሰጣል። ይህ ማሳሰቢያ ለውድድር መኪና የተጻፈ አይደለም። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያደርስ፣ ቀን ሥራ ላይ ለሚውል፣ በዓል ሲደርስ ቤተሰብ ጭኖ አገር ቤት ለሚሄድ መኪና ነው። እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ዕዳው የባለቤቱ ብቻ አይሆንም።

ቆላ ወርዶ ያልተፈተሸ ማስተካከያ አልቋል ብላችሁ አትረከቡ። ይህን ያስቀደምኩት እኔው ራሴ ስለተቃጠልኩበት ነው። ኮሮላዬ ላይ ቱርቦ ያስገጠምኩት አዲስ አበባ ባለ አንድ ጋራዥ ነበር። የሞተሩን ኮምፒውተር ያስተካከለው ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የሱሉልታን መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላለስን። መኪናው በረረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተማ ውስጥ ስነዳው ምንም አላለም። ከዚያ ለፋሲካ ቤተሰቤን ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ ተነሣን።

ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ድረስ ያለው ቁልቁለት በከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን አቀበቱን ስንጀምር፣ ከኮፈኑ ሥር ቆርቆሮ ጣራ ላይ ጠጠር እንደመበተን ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሬዲዮኑን ቀነስኩ። እግሬን ከነዳጁ ሳነሣ ይጠፋል፤ ስረግጥ ይመለሳል። “ደጀን እንድረስና ይታያል” አልኩ። ደጀን አልደረስንም። መኪናው ሰማያዊ ጭስ እየተፋ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከነልጆቹ አቀበቱ መሀል ቆመ። ሞተሩ ሲፈታ ሦስተኛው ፒስተን ፋሻው ከሚቀመጥበት ላይ ተቆርሶ ተገኘ። መካኒኩ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፎ ሲያስቀምጠው ጠርዙ አይጥ የበላው ዳቦ ይመስል ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ቱርቦ ግፊት የሚጨምረው በዙሪያው ባገኘው አየር ላይ ነው። ጌጁ 0.5 ባር ሲል፣ አዲስ አበባ ላይ 76 ኪሎፓስካል ነበረ፣ 50 ተጨመረበት፣ 126 ሆነ ማለት ነው። ዓባይ ድልድይ አካባቢ አየሩ ራሱ ወደ 89 ስለሚጠጋ 139 ይሆናል። ጅቡቲ ወደብ 101 ስለሆነ 151 ይደርሳል። ጌጁ ሦስቱም ቦታ ላይ ያው 0.5 ነው የሚለው፤ ሞተሩ የጎረሰው ግን እኩል አይደለም። ሱሉልታ ላይ ሲስተካከል የነበረው ኮምፒውተር ከ126 በላይ ያለውን ክፍል አንድም ቀን አልጎበኘውም፤ ሊጎበኘውም አይችልም ነበር። በረሃ ስንወርድ ሞተሩ ማንም ያልነካው ቁጥር ላይ ገባ። ሙቀቱ ተጨመረ፣ አቀበትና ጭነት ተጨመረ፣ ቤንዚኑ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳ ጀመር። ያ የጠጠር ድምፅ እሱ ነው። በቤንዚን ሞተር ላይ ይህን ድምፅ ስትሰሙ እግራችሁን አንሡ፣ ዳር ያዙ፣ አቁሙ። “እስከ ቀጣዩ ከተማ” የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ መኪናችሁን የሚያስተካክለውን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ “ደጋ ላይ የማይደረስበትን ግፊት በምን ትሞላዋለህ?” በሉት። ዐዋቂ ከሆነ ያንን ክፍል ነዳጅ አብዝቶ፣ እሳቱን አዘግይቶ እንደሚሞላውና በኋላ አዋሽ ወይም ዓባይ አብሯችሁ ወርዶ እንደሚጨርሰው ይነግራችኋል። ጥያቄው ካልገባው ሌላ ፈልጉ። ለአንድ ቀን ጉዞና ለአበሉ የምታወጡት ገንዘብ ለሞተር ከምታወጡት ጋር አይወዳደርም። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙዎቹ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚወጡት የግፊት መለኪያ ከ100 ኪሎፓስካል ብዙም ሳያልፍ ዓይኑ ይጠፋል። የተሠራው ቱርቦ ለሌለው ሞተር ነውና አይፈረድበትም። እስከ 200 ወይም 300 በሚያነብ ሳይቀየር ማስተካከል አይጀመርም።

ግፊቱን በልክ ያዙት። እዚህ ላይ የከፍታችን ጥቅም አለ፤ ሰው ግን ልብ አይለውም። አዲስ አበባ ላይ 0.25 ባር ብቻ ስትጨምሩ ሞተሩን ፋብሪካው ወዳሰበለት ጉልበት ትመልሱታላችሁ። 0.3 ወይም 0.4 ባር ደግሞ ለዕለት መኪና በእኔ ግምት ከበቂ በላይ ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ የቱርቦን ሐሳብ በ1905 እ.ኤ.አ. ካስመዘገበ በኋላ፣ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ከ4,300 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ላይ አወጣው። ባሕር ጠለል ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወርዶ ነበር። በቱርቦ 356 ሰጠ። ሞስ ተራራ የወጣው የጠፋውን ለማስመለስ ነበር። እኛም የምንኖረው ተራራ ላይ ስለሆነ፣ የጠፋውን ማስመለስ ብቻውን መኪናውን ሌላ መኪና ያደርገዋል።

የደከመ ሞተር ላይ ቱርቦ አትግጠሙ። “ቱርቦ ሲገባለት ይነቃል” የሚሉ አሉ፤ ይወድቃል እንጂ አይነቃም። ዘይት የሚበላ፣ ውሃ የሚቀንስ፣ ቴስታታው አንድ ጊዜ በሙቀት የተጣመመ ሞተር መጀመሪያ ይታደስ። ኮምፕሬሽን አስለኩ፤ ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አድርጉ። የፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። መጽሐፉ 13 ባር የሚለው ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 10 ገደማ ቢያሳይ አትደንግጡ። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ሞተር “አልቋል” ተብሎ ሲፈታ አይቻለሁ። የሚታየው የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው፤ ሦስቱ 10፣ አንዱ 7 ከሆነ እውነትም ችግር አለ።

“ፎርጅድ” የሚለው ቃል እንዳያሳስታችሁ። በእኛ አነጋገር ፎርጅድ ማለት የሐሰት፣ የተጭበረበረ ማለት ነው። በሞተር ሥራ ግን ፎርጅድ ፒስተን ማለት ቀልጦ ከፈሰሰው ይልቅ በከባድ ግፊት ተጨፍልቆ የተሠራው፣ ጠንካራው ነው። አንድ ወንድማችን “ፎርጅድ ነው አሉኝ፣ መለስኩት” ብሎ ሲናደድ ሰምቼ አውቃለሁ። በልክ ለተያዘ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልጋችሁም። ከ0.5 ባር በላይ የምታስቡ ከሆነ ግን ፒስተኑም የፒስተኑ ዘንግም አብረው መታሰብ አለባቸው፤ ያኔ ወጪው ሌላ ወጪ ነው።

ቱርቦውን በሞተራችሁ ልክ ምረጡ። ሶማሌ ተራ ከናፍጣ የጭነት መኪና የወረደ ትልቅ ቱርቦ ርካሽ ሆኖ ታገኛላችሁ። 1.5 ሊትር ሞተር ላይ ስትገጥሙት ከተማ ውስጥ ፈጽሞ አይነቃም፤ የሚነቃው ሞተሩ ሲያብድ ነው። እናንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትነዱት ከ2,000 እስከ 3,500 ዙር ባለው ውስጥ ነው። ትንሽ፣ ቶሎ የሚነቃ ይሻላችኋል። ያገለገለ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት በጣታችሁ ዘንጉን ያዙና ወደ ጎንም ወደ ፊትና ኋላም ነቅንቁት። ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ ያለ ነው፤ ወደ ፊትና ኋላ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ተዉት። የምላጮቹን ጫፍ በስልካችሁ መብራት እዩ። አንዲት የተቆረሰች ጫፍ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ስትሽከረከር ምን እንደምትሠራ አስቡት። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ አዲስም ቢሆን በመጠቅለያው አትመኑ፤ ፈትሹት።

ነዳጅን በተመለከተ ሐቁን እንቀበል። ማደያዎቻችን የሚቀዱልን አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው፤ ኦክቴን መርጦ መቅዳት የለም። ስለዚህ ውጭ አገር ጥሩ ቤንዚን ላይ የተሠራ ማስተካከያ ኢንተርኔት ላይ አግኝታችሁ አትጫኑበት። ማደያ ሲደርቅ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውንም አትቅዱ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ጤነኛ ኮሮላ እየተንገጫገጨም ቢሆን ይጓዝበታል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ግን ፒስተኑን ይገብርበታል። ለረጅም መንገድ ከመነሣታችሁ በፊት ሰልባትዮውን ሞልታችሁ ውጡ። ሌላው፣ ቤንዚንና አየር የተመጣጠኑ የሚባሉት በክብደት 1 ለ14.7 ሲሆን ነው፤ ቱርቦ እየገፋ ባለበት ሰዓት ግን ወደ 1 ለ12 ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። የተረፈው ቤንዚን ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል። ይህን የሚያነብ መለኪያ ሳይገጠም ማስተካከል በጆሮ ወጥ መቅመስ ነው። ፓምፑና ኢንጀክተሮቹም ያንን ያህል ነዳጅ ማድረስ መቻላቸው ይለካ።

የምትረሱትን ነገር መኪናችሁ ላይ አትጨምሩ። በ1962 እ.ኤ.አ. ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የሚባል መኪና ይዞ ወጣ፤ ለሕዝብ ከተሸጡት የመጀመሪያዎቹ ባለቱርቦ መኪኖች አንዱ ነው። የሞተሩ ኮምፕሬሽን 10.25 ለ1 ስለነበር ዓባይ ላይ ከገጠመኝ ዓይነት ፍንዳታ እንዲድን ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከተለየ ጠርሙስ ይረጭለት ነበር። ባለቤቶቹ ግን መሙላቱን ዘነጉት። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን መኪናው ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንስና ሰው “ደከመብኝ” ይል ጀመር። በመጨረሻ ኩባንያው ብዙዎቹን ቱርቦውን እያወረደ ተራ ካርቡሬተር ገጠመላቸው። ጠዋት ልጅ እየጎተተ፣ ስልክ እያናገረ ከቤት የሚወጣ ሰው ጠርሙስ አይፈትሽም። እኔም አልፈትሽም።

ዘይት ላይ አትቆጥቡ። የቱርቦው ዘንግ የሚንሳፈፈው በሞተሩ ዘይት ላይ ነው። 5,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ አቧራማ መንገድ የምትመላለሱ ከሆነ ከዚያም አስቀድማችሁ፣ ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀይሩ። ከቱርቦው የሚመለሰው የዘይት ቱቦ ወፍራም ሆኖ፣ ምንም ሳይታጠፍ፣ ወደ ታች ብቻ ወርዶ ካርተሩ ውስጥ ከዘይቱ ወለል በላይ መግባት አለበት። ዘይቱ የሚመለሰው በራሱ ክብደት ነውና ቱቦው እንደ ጉልበት ከታጠፈ ቱርቦው በዘይት ይጥለቀለቃል፣ ጭስ ይሆናል። ሥራውን ስትረከቡ ተንበርክካችሁ ይህን ቱቦ በዓይናችሁ እዩት። የዘይት መገጣጠሚያ ላይ ማስቲሽም ነጭ ቴፕም አይደረግ፤ ቅንጣቱ ተላቅቆ ቀጭኑን መግቢያ ይዘጋዋል። ከአቀበት በኋላ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይንፈስ።

የናፍጣ መኪና ያላችሁም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለባችሁ፤ በተለይ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር የያዛችሁ። 4.2 ሊትሩ ሞተር ለቱርቦ አልተሠራም። ኮምፕሬሽኑ 22.4 ለ1 ነው፤ በቱርቦ የተወለደው ወንድሙ 1ኤችዲ-ቲ ግን ወደ 18.6 ዝቅ ብሎ፣ ፒስተኖቹን ከሥር በዘይት የሚያቀዘቅዝ መርጫ ተጨምሮለት ነው የወጣው። 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ አይገጠምም ማለቴ አይደለም፤ ብዙ አገር ይገጠማል፣ በልክ ከተያዘም ብዙ ያገለግላል። ግን የጭሱን ሙቀት የሚለካ ጌጅ የግድ ይኑረው። ከተርባይኑ በፊት ሲለካ ከ700 ዲግሪ እንዳያልፍ እግራችሁን አንሡ፤ ካለፈ ቴስታታው ውስጥ ያሉት ትንንሽ የማቃጠያ ክፍሎች ይሰነጠቃሉ።

የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን እያዞራችሁ ጥቁር ጭስ እስኪወጣ አታስከፍቱ። ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት አይደለም፤ የከፈላችሁበት ናፍጣ ሳይቃጠል መውጣቱ ነው። ቤንዚን ሲበዛ ሞተር ይበርዳል፣ ናፍጣ ሲበዛ ግን ይግላል፤ ሁለቱ በዚህ ይለያያሉ። ደግሞ ያንን ጭስ ማን እንደሚተነፍሰው ተመልከቱ። አቀበት ላይ ስትረግጡ ከኋላችሁ ያለችው ጉልት ላይ የተቀመጠች እናት፣ ጫማ የሚጠርገው ልጅ፣ ታክሲ የሚጠብቁ ተማሪዎች ናቸው። መስኮታችሁን ዘግታችሁ ታልፋላችሁ፤ እነሱ እዚያው ይውላሉ።

ፍሬኑን ከቱርቦው በፊት ሥሩ። የፍሬን ሸራ፣ ዲስክ፣ የፍሬን ዘይት፣ ጎማ ታድሰው ካላለቁ ቱርቦው ይቆይ። የሚፈጥን መኪና ሁሉ መቆም አለበት፤ ቁልቁለታችን ደግሞ ረጅም ነው። ፍሪሲዮንና ራዲያተርም ይታዩ። ገንዘባችሁን ስትመድቡ ሢሶውን አትንኩት፤ የሚበላሽና ያልታሰበ ነገር አይጠፋም።

ወረቀታችሁን አስተካክሉ። ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ቀይራችሁ ከሆነ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰል አለበት፤ ለትራንስፖርት ቢሮ ሳታሳውቁ አትንዱ። ሞተሩ የተገዛበትን ሰነድም አትጣሉ። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁ ለውጡን በጽሑፍ ንገሯቸው። በአዋጅ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው መንገድ ላይ ላለው ሌላ ሰው ሲባል ነው፤ እሱ በእናንተ ዝምታ መጉላላት የለበትም። የቦሎ ምርመራ ሲደርስ ቱርቦውን ፈትቶ፣ በማግስቱ መልሶ መግጠም ራስን ማታለል ነው።

ሰፈር ውስጥ አትሞክሩት። ቀለበት መንገድ ላይ ሌሊትም ቢሆን አትሞክሩት፤ በዚያ ሰዓት መንገድ የሚያቋርጡ የጽዳት ሠራተኞች አሉ። ማርሚታውን አውልቆ መጮህ ጉልበት አይጨምርም፤ የታመመ ሰው ግን ይቀሰቅሳል። የተቃጠለውን ዘይት የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር የሚደፋ ጋራዥ ካያችሁ ተናገሩ፤ ካልሰማ ሥራ አትስጡት።

በመጨረሻ ለመካኒኮችና መኪና ለምታስተካክሉ ወጣቶች አንድ ልመና አለኝ። ሥራችሁን ስትጨርሱ ኮፈኑ ሥር ወረቀት ለጥፉ። ቀኑን፣ ግፊቱን፣ ማስተካከያው የተደረገበትን ቦታና ከፍታ፣ እስከ ስንት ኪሎፓስካል እንደተፈተሸ ጻፉበት። መኪናው ነገ ሌላ ሰው እጅ ይገባል፤ ያ ሰው ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል። እኔ አሁን ኮሮላዬ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት “0.3 ባር፤ ሱሉልታና ዓባይ ድልድይ ላይ የተፈተሸ፤ ከ125 ኪሎፓስካል በላይ አይነዳ” ይላል።